ስምና ሥልጣን
ሰርቨር አልባ በሆነ አገልግሎት ላይ የተጠቃሚን ማንነት ስለ ማረጋገጥና የሥራ ድርሻን ስለ መለየት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከሙያችን አንድ ርእስ መርጬ እንድናገር የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ስለ ጋበዘኝ ከሁሉ አስቀድሜ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጥሪው ሲደርሰኝ በየጊዜው ስለሚፈለሰፉት አዳዲስ መሣሪያዎች ለመናገር ነበር አሳቤ። ይሁን እንጂ ነገሩን ደጋግሜ ባሰብሁበት ጊዜ፣ የሌሎችን ጥበብ ከማድነቅ ይልቅ ራሴ የሠራሁትን አንድ ስሕተት ሳልሸሽግ ብነግራችሁ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ መሆኑን ተረዳሁ። ስሕተቱ የአንድም ሰው ገንዘብ አላጠፋም። ያላጠፋውም እኔ ጠንቃቃ ስለ ነበርሁ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው በጊዜው ስለ ደረሰበት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ ለማያስፈልገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በኢንተርኔት የሚሠራ አገልግሎት እንዳዘጋጅ ተጠይቄ፣ ከሁለት ወጣት ባልደረቦቼ ጋር ሥራውን ተቀበልሁ። የማኅበሩ አባላት መምህራን፣ ነርሶች፣ ሾፌሮችና ጡረተኞች ናቸው። በየወሩ ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እየቆረጡ ያስቀምጣሉ፤ ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲታደስ ወይም ሕመም ሲመጣ ይበደራሉ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሒሳቡ በትልልቅ መዝገብ ይጻፍ ነበር። መዝገቡ በብረት ካዝና ይቀመጣል፤ የካዝናውን ቁልፍ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ይይዛሉ። እኛ ያንን መዝገብ ከካዝናው አውጥተን ዓለም ሁሉ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ልናስቀምጠው ነበር የተነሣነው። ይህን በዚያን ጊዜ እንዲህ አድርጌ አላየሁትም።

ለሥራው የመረጥነው ዛሬ «ሰርቨር አልባ» እየተባለ የሚጠራውን አሠራር ነው። ስሙ ሰርቨር የለም የሚያሰኝ ቢመስልም እውነቱ እንዲያ አይደለም። ሰርቨሩ አለ፤ የሚያስተዳድረውና የሚጠግነው ግን የክላውድ አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ነው። የእኛ ድርሻ «ፈንክሽን» የሚባሉትን አጫጭር ፕሮግራሞች መጻፍ ብቻ ነው። ፈንክሽኑ ጥሪ ሲደርሰው ተነሥቶ ሥራውን ይፈጽማል፤ ከፈጸመ በኋላም ጥሪ እስኪመጣ ድረስ ዋጋ አይጠየቅበትም። አማዞን የተባለው ኩባንያ «ላምዳ» ብሎ የሰየመውን እንዲህ ያለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014 ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ማይክሮሶፍትና ጉግልም ተመሳሳዩን አቅርበዋል። አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ማኅበር አሠራሩ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ማታ ማንም ሳይጠራው ለሚያድር ሰርቨር ኪራይ አይከፍልምና።

ነገር ግን ይህ አሠራር የጥበቃን ነገር ከሥር ይለውጠዋል። የቀድሞው ሥርዓት ዙሪያው እንደ ታጠረ ግቢ ነበር። አንድ በር አለው፤ በበሩ ላይ ዘበኛ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ይጠይቃል፤ አንዴ የገባውም ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር ብዙ ጊዜ የሚያግደው አያገኝም። አዲሱ ሥርዓት ግን በገበያ ዳር እንደ ተሠሩ ሱቆች ነው። እያንዳንዱ ክፍል በሩ በቀጥታ ወደ አደባባይ ይከፈታል። ሒሳብ የሚያሳየው ፈንክሽን የራሱ አድራሻ አለው፤ ብድር የሚያጸድቀውም እንዲሁ። ከዚህም በላይ ፈንክሽኑ ትዝታ የለውም፤ ከደቂቃ በፊት ያስተናገደውን ሰው አሁን ሲመጣ አያውቀውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥሪ የጠሪውን ማንነት የሚያስረዳ ማስረጃ ይዞ መምጣት አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «ማን ነህ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህን ለማድረግ ምን ሥልጣን አለህ?» የሚለው ነው። የንግግሬ ቁም ነገር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ በሙያችን ታሪክ ዕድሜው የገፋ ነው። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት ሲሠሩ፣ የአንዱ ሥራ ከሌላው እንዲጠበቅ ለእያንዳንዱ ሰው የይለፍ ቃል ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1966 ግን ሁለት ፋይሎች በአርትዖት ላይ ሳሉ ተምታተው፣ የዕለቱ ማስታወቂያ ሊታይ በሚገባው ቦታ የተጠቃሚዎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል ዝርዝር ለገባው ሁሉ ታየ። ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት የተገኘው ትምህርት የይለፍ ቃልን እንዳለ አለማስቀመጥ ነው። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ቃሉ «ጨው» የሚባል የዘፈቀደ ቁጥር ተጨምሮበት ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ስሌት ተለውጦ መቀመጥ አለበት። ስሌቱም ሆን ተብሎ አዝጋሚ መሆን ይገባዋል፤ ሰራቂው በሰከንድ ሚሊዮን ቃላት እየገመተ እንዳይሞክር ነው። ዛሬ ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት መካከል ቢክሪፕትና አርጎን 2 ይገኛሉ።

እኔ ይህን ክፍል ራሴ ለመጻፍ አልደፈርሁም፤ እናንተንም አትድፈሩ እላለሁ። እንደ ኮግኒቶና ፋየርቤዝ ያሉ አገልግሎቶች የይለፍ ቃሉን ተቀብለው፣ ከተፈለገም በስልክ ላይ የሚታይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጠይቀው፣ የሰውየውን ማንነት ካረጋገጡ በኋላ «ቶከን» የሚባል የይለፍ ወረቀት ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ጄሰን ዌብ ቶከን» የተባለው ደረጃ የዚህን ወረቀት ቅርጽ ወስኗል። ወረቀቱ በነጥብ የተለዩ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የፊርማውን ዓይነት ይገልጻል፤ ሁለተኛው ባለ ወረቀቱ ማን እንደ ሆነ፣ ወረቀቱን ማን እንደ ሰጠው፣ ለየትኛው አገልግሎት እንደ ተሰጠና መቼ እንደሚያበቃ ይዘረዝራል፤ ሦስተኛው ዲጂታል ፊርማው ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ወረቀት የተፈረመበት እንጂ የታሸገ አይደለም። ማንም ገልጦ ሊያነበው ይችላል፤ ከነፊርማው አስመስሎ ሊለውጠው ግን አይችልም። ስለዚህ ምሥጢር የሆነ ነገር በውስጡ መጻፍ አይገባም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን በደንብ ሠርተን ነበር። አባሉ በስሙ ይገባል፤ ወረቀቱን ይቀበላል፤ እያንዳንዱ ፈንክሽንም ፊርማውን መርምሮ ያስተናግደዋል። ከዚያም ወደ ሥራ ድርሻ ተሻገርን። አምስት ድርሻዎችን ለየን፤ እነርሱም አባል፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሹም፣ የብድር ኮሚቴና ኦዲተር ናቸው። ብራውዘሩ ወረቀቱን አንብቦ የሰውየውን ድርሻ ያውቃል። ለአባል የራሱን ሒሳብና የብድር መጠየቂያውን ብቻ ያሳያል፤ ለብድር ኮሚቴው ደግሞ «አጽድቅ» የሚለውን ቁልፍ ይጨምርለታል። ገጹ ንጹሕና የሚያምር ነበር። እኔም ሥራው ተፈጸመ ብዬ ለማኅበሩ የአመራር አባላት አሳየሁ።

ከተሰበሰቡት መካከል የማኅበሩ ኦዲተር ነበሩ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ምርመራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ወይዘሮ ሲሆኑ፣ የኮምፒዩተር አዋቂ ነኝ አይሉም። ሁሉንም በጸጥታ ካዩ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ይህ የማጽደቂያ ቁልፍ ለተራ አባል አይታይም ብለውናል። መልካም ነው። ባይታይም ቢነካስ ምን ይላል?»

«የማይታይ ነገር እንዴት ይነካል፣ እትዬ?» ብዬ ፈገግ አልሁ።

እርሳቸው ግን ፈገግ አላሉም። «እኔ በሠራሁበት ዘመን ከካዝና ገንዘብ የጎደለው ቁልፉ በታየበት ቦታ አልነበረም» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ከወጣቶቹ ባልደረቦቼ አንደኛው፣ ለሙከራ ባዘጋጀነው መዝገብ ላይ፣ በተራ አባል ስም ገባ። የተሰጠውን ቶከን ከብራውዘሩ ቀድቶ አወጣና ገጹን ትቶ በቀጥታ የማጽደቂያውን ፈንክሽን አድራሻ ጠራ። ፈንክሽኑ የመለሰው አንድ ቃል ነው፤ «ጸድቋል» አለው። ቀጥሎም በሒሳብ ማሳያው አድራሻ ላይ የራሱን የሒሳብ ቁጥር በሌላ ቁጥር ተካ። የሌላ ሰው ቁጠባ፣ ዕዳና የስልክ ቁጥር ፊቱ ላይ ወጣ። ሦስታችንም ለጥቂት ጊዜ ሳንናገር ቆየን።

የደረሰው ነገር ለመረዳት ቀላል ነው። ፈንክሽኖቻችን ፊርማውን መርምረው «ይህ ሰው እውነተኛ አባል ነው» ብለው አረጋገጡ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጠየቁም። ሥልጣንን የሚመለከተውን ጥያቄ የጠየቀው ብራውዘሩ ብቻ ነበር። ብራውዘሩ ደግሞ በተጠቃሚው እጅ ያለ መሣሪያ ነው፤ እንዳሻው ሊያዝዘው ወይም ፈጽሞ ሊተወው ይችላል። በተጠቃሚው እጅ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር የገጽ ማሳመሪያ ነው እንጂ ጥበቃ ሊባል አይችልም። ቁልፉን ደብቀን በሩን ሳንቆልፍ ቀርተን ነበር።

ይህ ስሕተት በእኔ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት የድር ፕሮግራሞችን ዋና ዋና ጉድለቶች በየጊዜው ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዝርዝር አምስተኛ የነበረው የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት፣ በ2021 ዝርዝር አንደኛ ሆኗል። የሌላውን ሰው መዝገብ ቁጥር በመለወጥ ብቻ ማየት መቻልም፣ ድርጅቱ ስለ ፕሮግራም መገናኛዎች በ2019 እና በ2023 ባወጣቸው ዝርዝሮች የመጀመሪያውን ስፍራ ይዟል።

ክቡራትና ክቡራን፤ እንግዲህ ስሕተቱን እንዴት እንዳረምነው በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄውን ወደ በሩ መለስነው። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ውስጥ ዛሬም ያልተሻሩ መመሪያዎችን አስፍረዋል። ከነዚህም ውስጥ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ይሁን፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በየጊዜው ይመርመር፤ ለማንም ከሥራው የሚበልጥ ሥልጣን አይሰጠው የሚሉት ይገኛሉ። በእነዚህ መሠረት ከፈንክሽኖቹ ፊት የጋራ በረኛ አቆምን። በረኛው ፊርማውን፣ ወረቀቱን የሰጠውን ክፍል፣ ወረቀቱ የተሰጠበትን አገልግሎትና የሚያበቃበትን ሰዓት ይመረምራል። የፊርማውን ዓይነት ወረቀቱ ራሱ እንዲመርጥ አይፈቅድም፤ ምክንያቱም «ፊርማ የለኝም» ብሎ የሚመጣን ወረቀት አምነው ያስገቡ ፕሮግራሞች ነበሩ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ፈንክሽን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «ይህን ለመፈጸም የትኛው ፈቃድ ያስፈልጋል?» ብሎ ይጠይቃል። ፈቃዱ ያልተጻፈለት ፈንክሽን ለማንም አይከፈትም።

ሁለተኛ፣ ድርሻን ከሰው ለየነው። ዴቪድ ፈራዮሎና ሪቻርድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳብራሩት፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለድርሻው ነው፤ ሰው ደግሞ በድርሻው ላይ ይመደባል። ይህ ለእኛ አገር መሥሪያ ቤት እንግዳ አሳብ አይደለም። የማጽደቅ ሥልጣን ያለው ወንበሩ ነው፤ ሰው ሲለወጥ ወንበሩ አይለወጥም። ስለሆነም በፕሮግራማችን ውስጥ የማንም ሰው ስም አልተጻፈም፤ የተጻፉት ድርሻዎችና ፈቃዶቻቸው ብቻ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ድርሻ ብቻውን እንደማይበቃ ተማርን። «አባል ሒሳብ ማየት ይችላል» የሚለው ደንብ ትክክል ነው፤ ግን የማንን ሒሳብ? ስለዚህ የሒሳቡን ባለቤት ከአድራሻው ላይ ከተጻፈው ቁጥር መቀበልን ተውን። ባለቤቱን ከተፈረመበት ቶከን እናወጣለን፤ የተጠየቀው መዝገብ የእርሱ መሆኑንም በመረጃ ቋቱ እናመሳክራለን። የሰዎችን ገመና መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም ልብ ማለት ይገባል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጉዳዩን የሕግ ግዴታ አድርጎታል።

አራተኛ፣ የአሮጌውን ወረቀት ጥበብ መለስነው። በየመሥሪያ ቤታችን የወጪ ማዘዣ ግርጌ ላይ «ያዘጋጀው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው» የሚሉ ሦስት የፊርማ ቦታዎች አሉ። እኔ ይህን ሁልጊዜ እንደ ቢሮክራሲ ነበር የማየው። ኦዲተሯ ግን ሦስት ፊርማ የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻውን እንዳይፈተን መሆኑን አስረዱኝ። ስለዚህ የብድር ኮሚቴ አባል የራሱን ብድር ማጽደቅ እንዳይችል፣ ያዘጋጀው ሰውም የመረመረው ሰው እንዳይሆን በፈንክሽኑ ውስጥ ደነገግን። ኦዲተሯም ሁሉን ያያሉ፤ አንዳች መለወጥ ግን አይችሉም። ይህን ገደብ የጠየቁት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

አምስተኛው ከሁሉ ያስቸገረን ነው፤ እርሱም የሽረት ጉዳይ ነው። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲሉ የተናገሩት ምሬት ያለበት ተረት በሹመትና በሽረት መካከል ያለውን አደገኛ ጊዜ ያሳያል። አገልግሎቱ ሥራ በጀመረ በጥቂት ወር ውስጥ ገንዘብ ያዡ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ድርሻቸውን በዚያው ቀን ከመዝገቡ ሠረዝነው። ይሁን እንጂ ጧት የተቀበሉት ቶከን የ24 ሰዓት ዕድሜ ስለ ነበረውና ድርሻቸው በውስጡ ስለ ተጻፈ፣ እስከ ማግሥቱ ድረስ ሥርዓቱ ገንዘብ ያዥ ብሎ ያውቃቸው ነበር። ሰውየው ታማኝ ስለ ነበሩ ምንም አልሆነም። ነገር ግን ቁልፉን ያላስረከበ ሰው ታማኝ ሆኖ በመገኘቱ መዝገብ ቤቱ በደንብ ተጠብቋል ማለት አይቻልም። የተፈረመበት ወረቀት አንዴ ከእጅ ከወጣ በኋላ በፊርማው ብቻ ከታየ እስኪያበቃ ድረስ እውነተኛ ነው፤ የሰረዛችሁትን መዝገብ አያውቅም። ስለዚህ የቶከኑን ዕድሜ ወደ 15 ደቂቃ አሳጠርነው። ገንዘብ ለሚነኩ ፈንክሽኖች ደግሞ በቶከኑ ላይ የተጻፈውን ድርሻ ማመን ትተን፣ በየጥሪው ከመረጃ ቋቱ እንዲጠይቁ አደረግን። ይህ ጥሪውን በጥቂቱ ያዘገየዋል፤ ካዝና ግን በዝግታ ቢከፈት ማንንም አይጎዳም።

ስድስተኛ፣ ፈንክሽኖቹ ራሳቸው ባለሥልጣኖች መሆናቸውን አስታወስን። እያንዳንዱ ፈንክሽን የመረጃ ቋቱን የሚከፍትበት የራሱ ፈቃድ አለው። እኛ ሥራውን ለማፋጠን ለሁሉም አንድ ሰፊ ፈቃድ ሰጥተን ነበር፤ ሒሳብ የሚያሳየው ፈንክሽን እንኳ መዝገብ መሠረዝ ይችል ነበር። አሁን የሚያነበው ብቻ ያነባል፤ የሚጽፈውም በተመደበለት መዝገብ ላይ ብቻ ይጽፋል። ከዚህ ጋር እያንዳንዱ ጥያቄ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ጠየቀና ተፈቅዶለት ወይም ተከልክሎ እንደ ሆነ ይመዘገባል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ የተከለከሉ ጥያቄዎች ሲበዙ ወዲያውኑ ለኦዲተሯ መልእክት ይደርሳቸዋል።

በመጨረሻም ሥራው በትክክል መፈጸሙን የምናውቅበትን መንገድ አበጀን። አምስቱን ድርሻዎች ወደ ታች፣ አሥራ ሁለቱን ፈንክሽኖች ወደ ጎን ጽፈን 60 ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ሠራን። የማኅበሩ አመራር በእያንዳንዱ ክፍል «ይፈቀዳል» ወይም «ይከለከላል» ብሎ ሞላልን። ይህን መሙላት የፕሮግራም ጸሐፊ ሥራ አይደለም፤ የባለ ንብረቱ ሥራ ነው። እኛም እያንዳንዱን ክፍል የሚፈትን ፕሮግራም ጻፍን። ፕሮግራማችን በተለወጠ ቁጥር ፈተናው ሁሉንም በሮች በሁሉም ሰዎች ስም ያንኳኳል። ቀድሞ የምንፈትነው የሚፈቀደው መፈቀዱን ብቻ ነበር፤ አሁን የሚከለከለው መከልከሉንም እንፈትናለን። የደኅንነት ፈተና ዋና ክፍሉ ይኸኛው ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ ሥራው ተሻሽሎ ሲቀርብ ኦዲተሯ እንደ ገና መጡ። በዚህ ጊዜ ገጹን አላዩም፤ ሠንጠረዡን አስመጥተው ስልሳውንም ክፍል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሲጨርሱ «አሁን ቢነካ ምን እንደሚል አወቅሁ» አሉና በግርጌው ላይ ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ ለወጣት ባልደረቦቼ የምነግራቸው ቃል ይህ ነው። ሰውየውን ማወቅ ለሰውየው መፍቀድ አይደለም። ስም በሩ ላይ ያደርሳል፤ የሚያስገባው ሥልጣን ነው፤ ሥልጣን ደግሞ በየበሩና በየጊዜው ሊጠየቅ ይገባዋል። ሰርቨሩን የሚያስተዳድርልን ኩባንያ አጥሩንና መብራቱን ይጠብቅልናል። ማን የማንን መዝገብ ማየት እንደሚገባው ግን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ያ አደራ የእኛ ነው። አባቶች «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ካልታሰበበት በር ገብቶ የሰው ቁጠባ ቢጠፋ፣ የዚያች ነርስና የዚያ ጡረተኛ ጥያቄ የሚቀርበው ለክላውዱ ሳይሆን ለእኛ ነውና፣ በሮቻችንን ሌላ ሰው ከመንካቱ በፊት ራሳችን እየነካን እንፈትናቸው።